የሞተር ሳፖርት በፕሬስ ሲቀየር፦ ጉልበቱ በየት በኩል ይለፍ?

ለገሀር መብራት ላይ የአውቶማቲክ መኪናዎ ማርሽ ዲ ላይ እንዳለ፣ እግርዎ ፍሬኑ ላይ አርፎ ሲቆሙ መሪው እጅዎ ውስጥ የሚንዘረዘር ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጡት ነገር ሁሉ የሚንኳኳ ከሆነ፣ ማርሹን ወደ ኤን ሲመልሱት ደግሞ ሁሉም ጋብ የሚል ከሆነ፣ ካንዴላ ከማስቀየርዎ በፊት ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች፣ ማለትም የሞተር ሳፖርቶቹን፣ ማየት ይገባል። በከተማችን የተለመደው አካሄድ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ኢንጀክተር ይታጠባል፣ በመጨረሻም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ትንሽ ከፍ ተደርጎ መኪናው ዳነ ይባላል። ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ ያረጀውን አውጥቶ አዲሱን መክተት ነው። ሆኖም አዲስ የተገጠመ ሳፖርት በአራትና በአምስት ወር ውስጥ ተመልሶ ሲያንኳኳ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ “ዕቃው ኮፒ ነው” ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በእኔ ትዝብት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማው የተጎዳው በተገጠመበት ዕለት ነው፤ ወይ ፕሬሱ (በፈሳሽ ግፊት ዕቃ የሚገፋው መሣሪያ) ሥር ጉልበቱ ማለፍ በማይገባው በኩል አልፎ፣ ወይ ጎማው ተጠማዞ ሳለ ቡሎኑ ጠብቆ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው በአብዛኛው ስለ ጉልበት መንገድ ነው፤ ከየት ተነሥቶ፣ በምን በኩል አልፎ፣ የት እንደሚያርፍ።

በጋራዥ ቋንቋ የሞተር ሳፖርት የምንለው ዕቃ በመሠረቱ በሁለት ብረቶች መካከል በማጣበቂያና በሙቀት የተዋሐደ ጎማ ነው። አንደኛው ብረት ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ይታሰራል፤ ሁለተኛው ከመኪናው አካል ጋር፤ ጎማው በመካከላቸው ሆኖ ሁለቱ ሳይነካኩ አንዱ ሌላውን እንዲሸከም ያደርጋል። ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ ቡሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ፣ በመካከል ደግሞ ጎማ ያለው ክብ ዓይነት ቦኮላ ይባላል፤ ፕሬስ የሚያስፈልገውም ለዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም የውጭ ቀለበቱ ማቀፊያው ብረት ውስጥ ገብቶ የሚቆየው በቡሎን ሳይሆን በጥብቀት ብቻ ነው። ቦኮላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ፣ ቺንጋ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ለገሀር ግን ስሙን ያገኘው የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። መካኒክና ሰፈሩ በሁለት ቋንቋ ይግባባሉ ማለት ነው።

ይህ ጎማ ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች ተሰጥተውታል። የመጀመሪያው ልስላሴ ይፈልጋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደር ይተኩሳል፤ ይህም በደቂቃ 1,500፣ በሰከንድ ደግሞ 25 ምት ነው። ሞተሩ በለሰለሰ ጎማ ላይ ሲቀመጥ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው፤ እንበልና በሰከንድ 10 ጊዜ። ምቱ ከዚህ ፍጥነት በብዙ የበለጠ ከሆነ ጎማው ምቱን ውጦ ያስቀረዋል፤ ከተቀራረበ ግን እንዲያውም ያጎላዋል። ጎማው ሲደርቅና ሲጠነክር፣ ወይም ተቀዶ ሞተሩ ብረት ለብረት ሲያርፍ፣ የመወዛወዙ ፍጥነት ከፍ ይልና ወደ 25 ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ምቱ ሁሉ ወደ ወንበርና ወደ መሪ ይተላለፋል። ሚኒሞው ወደ 900 ከፍ ሲል ምቱ በሰከንድ 30 ይሆንና ከዚያ ፍጥነት ይርቃል፤ ስለዚህ መኪናው የዳነ ይመስላል፤ ጎማው ግን እንደተቀደደ ነው። ዲ ላይ የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይጠማዘዝና ያለቀውን ጎማ ተጭኖ ብረቱን ያገኘዋል።

ሁለተኛው ሥራ ጥንካሬ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቁጥሩን ማስላት ይጠቅማል፣ ብዙ ሰው በእጅጉ አሳንሶ ይገምተዋልና። ሞተሩ 120 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ያወጣል እንበል፤ ለአንድ ነጥብ ሦስት ሊትር ሞተር የተለመደ መጠን ነው። አንደኛ ማርሽ ይህን 3.5 ጊዜ፣ የመጨረሻው ጥርስ ደግሞ 4 ጊዜ ቢያበዛው በሚሽከረከሩት የመኪናው ጎማዎች ላይ የሚደርሰው 1,680 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) አንድ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ፣ ጎማዎቹን ወደ ፊት የሚጠመዝዘው ጉልበት ያህል ይህን ሙሉ ጓዝ ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ያንን የሚመክቱት ሁለት ሳፖርቶች በግማሽ ሜትር የተራራቁ ቢሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ ከ340 ኪሎ ያላነሰ ጫና ያርፋል፤ ሦስት ኩንታል ተኩል ማለት ይቻላል፣ የቡጢ ያህል በሆነች የሳፖርት ጎማ ላይ። በላዳ ላይ ነገሩ ይለያል፤ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ስለሆኑ የመጨረሻው ማባዛት የሚካሄደው ከሞተሩ ርቆ ኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ነው፤ ሳፖርቱ የሚቀምሰው ከካምቢዮው የሚወጣውን ብቻ፣ ማለትም በዚያው ስሌት የአራት እጅ አንዱን ነው። የላዳን ሞተር ሲጠግን የኖረ መካኒክ በአነስተኛዎቹ የጃፓን መኪኖች ሳፖርት ቶሎ ማለቅ ቢገረም እውነት አለው።

ጎማው እንዴት ይሞታል? አንደኛው ገዳይ ዘይት ነው። አብዛኛው ሳፖርት የሚሠራበት የተፈጥሮ ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከብረቱም ይላቀቃል፤ ከቫልቭ ክዳን የሚያልብ ዘይት ሳይዘጋ አዲስ ሳፖርት መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) መነሻ አጠገብ ያለው ሳፖርት ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርቃል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ መኪናው ቆሞ ቢከርምም ጎማ ያረጃል። የእኛ ከተማ የራሷን ትጨምርበታለች፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስንወጣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የምንቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ደግሞ ኮብልስቶኑ ይቀበልዎታል። በተጨማሪ አንዱ ሳፖርት ሲሞት የእርሱ ሸክም ለቀሪዎቹ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌሎቹን አለማየት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ የያዙ ሳፖርቶችም አሉ፤ እነዚህ ሲያልቁ ከሥራቸው ጠቆር ያለ የእርጥበት መስመር ይታያል፤ ፈሳሹ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባዶ ጎማ ነው።

ምርመራው ጋራዥ ሳይገባም ይጀመራል። ኮፋኖውን ከፍተው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ እግርዎን ፍሬኑ ላይ አጥብቀው፣ ማርሹን ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ሲያዘዋውሩ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ሞተሩን ይመልከት። ከመኪናው ፊት ማንም አይቁም፤ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ሞተሩ መጠነኛ መነሣትና መውረድ ያሳያል፤ ዘሎ አንዳች ነገር “ጓ” አድርጎ ከመታ ግን የአንዱ ሳፖርት ጎማ አልቋል ማለት ነው። ሌላው መፈተኛ ዳገቱ ራሱ ነው፦ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ነዳጁን በአንዴ ለቀው መልሰው ቢሰጡትና በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ምት ከሥር ቢሰማ፣ ሞተሩን ከመጠማዘዝ የሚከለክለው የፊት ወይም የኋላ ሳፖርት ነው የሚጠረጠረው። መንቀጥቀጡ ወጣ ገባ እያለ የሚመጣ፣ ኤን ላይም የማይለቅ ከሆነ ግን ሳፖርቱን ይተዉትና ወደ ካንዴላውና ወደ ማቀጣጠያው ኮይል ይመለሱ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለመሆኑ ፕሬስ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሳፖርቶች ከነማቀፊያቸው ተሠርተው ስለሚሸጡ ሥራው ፈትቶ መግጠም ብቻ ነው፤ ዋጋው ካልከበደ ይህን የሚያክል የለም። ቦኮላው ለብቻው የሚመጣባቸው መኪኖች ላይ፣ ወይም ሙሉው ዕቃ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ዞረው ዞረው ሲታጣ፣ ያን ጊዜ ፕሬስ ግድ ይሆናል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየቱ የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የውጭውን ዲያሜትር፣ የውስጡን ቀዳዳና ቁመቱን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ያመሳክሩ፣ የጎማው ክፍተቶች ቅርጽም አንድ ይሁን። አዲስ ተብሎ የቀረበውን ጎማ በአውራ ጣትዎ ገፋ አድርገው ሲያዩት ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው። የተፈታ ሳፖርት፣ ኦርጂናል ቢሆንም፣ አልመክርም፤ በሌላ መኪና ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ጎማ ነው የሚገዙት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ቦኮላም ለውድድር መኪና እንጂ በየመብራቱ ለሚቆም ሰው አይሆንም፤ ጥንካሬው ቀደም ሲል ያየነውን የ25 ምት ወሬ ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ይህን ሁሉ እንድማር ያደረገኝ የራሴ መኪና ነው። የኋላውን ሳፖርት ቦኮላ አንድ ጋራዥ ቀየረልኝ፤ በአራተኛው ወር ያው ድምፅ ተመለሰ። ዕቃውን አስፈትቼ በእጄ ስይዘው ጎማው ከውጭ ቀለበቱ ዙሪያውን እንደ ተላጠ ብርቱካን ተለያይቷል፤ የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ደግሞ የቦክስ ቁልፍ ክብ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰንጋ ተራ አካባቢ ፕሬስ የሚያሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ወሰድኩት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ጠባሳውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና “ልጄ፣ ይህ እኮ በእምብርቱ ተገፍቶ ነው የገባው” አሉኝ። “ጋሼ፣ ታዲያ ገብቶ የለም?” ብላቸው፣ “ገብቷል እንጂ፤ ሲገባ ነው የሞተው” ብለው መለሱልኝ። ነገሩ ከተገለጸ በኋላ ግልጽ ነው፦ ማቀፊያው የያዘው የውጭ ቀለበቱን ነው፤ ግፊቱ የመጣው በውስጥ ቱቦው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጎማ ስለሆነ ያ ሁሉ ቶን የተላለፈው በጎማውና በማጣበቂያው ነው። ቀለበቱ ወደ ቦታው ከመድረሱ በፊት ማጣበቂያው ተልጦ ነበር።

ፕሬሱ ራሱ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው በታሸገ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1795 ይህንን ወደ መሣሪያ ለወጠው። እጀታው ላይ 25 ኪሎ ጫኑ እንበል፤ እጀታው ክንዱ 20 እጥፍ ስለሚረዝም ትንሿ ፒስቶን ላይ 500 ኪሎ ይደርሳል። ትንሿ ፒስቶን 10 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 60 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖራቸው የስፋታቸው ልዩነት 36 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ታች የሚወጣው 18 ቶን ይሆናል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ለመዶሻ የሚሰማዎት ድካም ለፕሬስ አይሰማዎትም፤ ቦኮላው ሁለት ቶን ይበቃው የነበረ ቢሆንም እጅዎ ሳይሰማው አሥር ቶን ሊሰጠው ይችላል። የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው ፕሬስ ካገኙ እርሱን ይምረጡ።

ሥራው የሚጀመረው መኪናው ላይ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ሞተሩ ከላይ በተጋደመ ብረት ቢንጠለጠል ይመረጣል፤ ካልተገኘ ከሥር በክሪክ ይደገፋል፤ ነገር ግን በክሪኩና በዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) መካከል ሰፊ የእንጨት ጣውላ መግባት አለበት፤ የኮፓው ላሜራ ይጎብጣል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ክሪክ ሞተሩን ይደግፋል እንጂ መኪናውን አይሸከምም፤ ሰው ከሥር የሚገባ ከሆነ መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ሳፖርቶቹ በአንድ ጊዜ ሁሉም አይፈቱም፤ አንዱ ተፈትቶ ተገጥሞ ሌላው ይከተላል። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከተነሣ ወይም ከወረደ የራዲያተር ቱቦው፣ የማርሚታው መጋጠሚያና ወደ ጎማ የሚሄዱት አክስሎች ይጨነቃሉ።

ማቀፊያው ከወጣ በኋላ፣ ፕሬሱን ከመንካት በፊት፣ ጊዜ የሚፈልገው ሥራ ምልክት ማድረግ ነው። ብዙ ቦኮላዎች ጎማቸው ውስጥ ሆን ተብለው የተተዉ የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ክፍተቶች አሏቸው፤ በክፍተቱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው አቅጣጫ ጠንካራ እንዲሆኑ ነው። አዲሱ በሩብ ዙር ተዛንፎ ቢገባ ጠንካራ መሆን ባለበት ለስላሳ፣ ለስላሳ መሆን ባለበት ጠንካራ ይሆናል፤ መኪናውም ከበፊቱ የባሰ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የአሮጌው ክፍተቶች የሚያመለክቱበት ቦታ ማቀፊያው ላይ በመጫሪያ ይሰመራል፤ ቀለበቱ ከየትኛው ወገን ምን ያህል ገብቶ ወይም ወጥቶ እንደነበር በካሊፐር ተለክቶ ይጻፋል፤ በስልክም ፎቶ ይነሣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ተረስቶ ከወጣ በኋላ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ለመግፋት ሁለት ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። ማስገቢያው ቱቦ ከላይ ሆኖ የውጭ ቀለበቱን ጠርዝ ብቻ የሚነካ፣ ከማቀፊያው ቀዳዳ ግን በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ መቀበያው ከሥር ሆኖ ማቀፊያውን የሚደግፍ፣ ቦኮላው በውስጡ ሊያልፍ የሚችል ሰፊ ነው። እነዚህን ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚላግበት) አስለክቶ ማስቆረጥ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ወጪ ነው። የመቀበያው ቦታ በተለይ አሉሚኒየም ማቀፊያ ላይ ወሳኝ ነው። ማቀፊያው በሁለት ጫፉ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ከመሃሉ ቢገፋ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ድጋፉ ከቀዳዳው ከንፈር ሥር ዙሪያውን ከሆነ ግን ጉልበቱ ከማስገቢያው ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ወደ ቀዳዳው ግድግዳ፣ ከግድግዳው ቀጥታ ወደ መቀበያው ይወርዳል፤ ጎማው በዚህ መንገድ ላይ የለበትም።

አሮጌውን ማውጣት የአዲሱን ያህል ጥንቃቄ አይፈልግም፤ ጎማው ይቀደድ አይቀደድ ግድ የለንም። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከዋዜማው ጀምሮ ይረጫል። ግፊቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ሳለ እጀታው ይከብዳል፤ ቀጥሎ እንደ ጥይት “ጧ” የሚል ድምፅ ተሰምቶ ቀይ የዝገት ብናኝ ከሥር ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ተላቋል፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይወርዳል። እጀታው እየከበደ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ቆም ብሎ ድጋፉን ማየት ነው እንጂ መጨመር አይደለም። አንዳንዴ ጎማው ተቦጭቆ ቀለበቱ ብቻ ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ የሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ በቀዳዳው አሳልፎ ቀለበቱን በቁመቱ መቁረጥ፣ ማቀፊያውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ማቆምና ጠርዙን ወደ ውስጥ በመሮ ማጠፍ ነው። ጎማውን በእሳት አቃጥሎ ማውጣት በአንዳንድ ቦታ ይታያል፤ ጭሱ መርዛማ ነው፣ አሉሚኒየሙም በኃይለኛ እሳት ጥንካሬውን ያጣል።

ቀዳዳው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ ብቻ እስኪነሣ ይታሻል፤ ብረቱ ራሱ መላግ የለበትም፣ ቦኮላውን የሚይዘው የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ ጥብቀት ነውና። እዚህ ላይ ሙቀት ይረዳናል። አሉሚኒየም ከብረት በሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 0.11 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ቦኮላው በበኩሉ በፍሪጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከጠቅላላው ጥብቀት ጋር ሲተያይ የሚያስፈልገውን ግፊት በግልጽ ያቀልለዋል። ማሞቂያው ምድጃ ወይም የሙቅ አየር መሣሪያ ይሁን፤ የውኃ ጠብታ ሲነካው የሚፈላበት ደረጃ በቂ ነው።

አዲሱ ሲገባ ጅማሬው ነው ሁሉን የሚወስነው። የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ በትንሹ ይሰበራል፤ ቀለበቱ በምልክቱ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትሮች ከገቡ በኋላ ግፊቱ ይቆምና ቀጥ ማለቱ በማዕዘን መለኪያ ከሁለት አቅጣጫ ይታያል። ጠማማ የጀመረ ቦኮላ እየገፉት አይቃናም፤ አውጥቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው መፍትሔው። ቅባት ከተፈለገ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ግሪስና ሞተር ዘይት ጎማውን ይበሉታል። አዛውንቱ ይህን ሲሠሩ እጀታውን ወደ ታች ከተጫኑ በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “ብረቱ ይናገራል፤ ካልሰማኸው ይጮኻል” አሉኝ። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ልክ ሲደርስ ማቆም ነው፤ እስከ ጥግ መግፋት ለሁሉም አይሠራም።

ፕሬስ አጠገብ ሆኖ መዘናጋት አይቻልም። የዓይን መከላከያ መነጽር ግድ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት በዚያ ጉልበት ሲፈናጠር ሰው ያቆስላል። የፕሬሱ አልጋ (ዕቃው የሚያርፍበት ብረት) የተቀመጠባቸው ፒኖች በሁለቱም ወገን በእኩል ቀዳዳ መግባታቸው ይታይ፤ ከግፊቱ መስመር ፊት ለፊት አይቆምም፤ ተጭኖ ያለን ዕቃ በእጅ ለማስተካከል አይሞከርም። የቦክስ ቁልፍን እንደ ማስገቢያ መጠቀም ሁለት ጥፋት አለው፤ አንዱን በእኔ መኪና አይተናል፣ ሌላው ቁልፉ ራሱ ደረቅ ብረት ስለሆነ ሊፈነዳ መቻሉ ነው።

ዕቃው ወደ መኪናው ሲመለስ አዲሱን ሳፖርት ለሁለተኛ ጊዜ የመግደል ዕድል ይመጣል። ጎማው ከሁለቱ ብረቶች ጋር የተዋሐደ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠማዘዛል እንጂ። ሞተሩ በክሪክ ተነሥቶ ሳለ የመሃሉ ቡሎን እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ፣ የውስጥ ቱቦው በዚያው አቀማመጥ ይቆለፋል፤ ክሪኩ ሲወጣና ሞተሩ ሲወርድ ጎማው ተጠማዞ ይቀራል፤ መኪናው ቆሞ ባለበት ሌሊት እንኳ ጎማው ሲጎተት ያድራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስገብቶ ላላ አድርጎ መተው፣ ክሪኩን አውርዶ ሞተሩ በራሱ ክብደት እንዲያርፍ ማድረግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ወዝወዝ አድርጎ ቦታውን እንዲያገኝ መፍቀድ፣ ከዚያ ለመኪናው በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው) ማጥበቅ ነው። አምራቹ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ብሎ የጻፈው ቡሎን ካለ አሮጌው አይመለስም። “እጄ ያውቀዋል” የሚል መካኒክ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የእኔ መኪና ግን በሚያውቅ እጅ ነበር የተገጠመችው።

ሥራው ሲያልቅ በእያንዳንዱ ቡሎን ራስና በሥሩ ባለው ብረት ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሰመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቸርችል ጎዳናን ጥቂት ጊዜ ከወጡና ከወረዱ በኋላ፣ ኮፋኖውን ከፍተው ያንን መስመር ይዩት፤ አንድ ወጥ ሆኖ ከቆየ ይዝጉት፣ ተሰብሮ ከታየ ቡሎኑ ዞሯልና ሁሉም እንደገና ላልቶ፣ ሞተሩ በክብደቱ አርፎ፣ በልኩ ይጠበቅ።